የአንደኛ ክፍሏ እትዬ ቁልፍ

እትዬ ቁልፍ ወደ ትምህርት ቤቱ የገባችው ልታስተምር አልነበረም። በሃያ አራት ዓመቷ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆና ነው የተቀጠረችው። ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ የሚያስተምር፣ ግቢው ጠጠር የለበሰ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። ሥራዋ ጠመኔ በካርቶን ተቀብሎ በፍሬ መስጠት፣ ደብተርና እርሳስ ማደል፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር ሲመጣ መዝግቦ ወደ አናጢው መላክ ነው። አሥራ ሰባት የበር ቁልፎች በአንድ ቀለበት ሰብስባ ወገቧ ላይ ስለምታንጠለጥል ገና ከሩቅ ኮሽታዋ ይሰማል። ስሙን ያወጡላት መምህራኑ ናቸው።

አንድ ቀን የአንደኛ ክፍል መምህርቷን ከቀኗ በፊት ምጥ ያዛት። ተተኪ እስኪገኝ ድረስ ልጆቹን የሚይዝ ሲፈለግ ካልጠፋ ሰው እትዬ ቁልፍ ተላከች። ዝም ብለሽ እንዳይፈነካከቱ ጠብቂልን ነበር የተባለችው። በሩን ከፍታ ስትገባ አርባ አንድ ጥንድ ዓይን ተተከለባት። ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት። በዓለም ላይ አጥብቃ የምታውቀው አንድ ነገር ቢኖር ቆጠራ ነው፤ እሱንም የተማረችው ከግምጃ ቤቷ ነው። ስለዚህ ተመልሳ ሄዳ ከደንብ ልብስ የተረፉ የሸሚዝ ቁልፎች የሞሉበትን ጣሳ አመጣችና ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። “በሉ እንቁጠር” አለቻቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የፈነከተም የተፈነከተም አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ ስሟ የወጣው ከሸሚዙ ቁልፍ እንጂ ከበሩ ቁልፍ አይመስላቸውም።

መምህርቷ ከወለደች በኋላ ባሏ ሥራ ተቀይሮ ሌላ ከተማ ሄዱ። ሁለት ሳምንት የተባለው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ።

በእነዚያ ዓመታት እትዬ ቁልፍ ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳይከለክላት የራሷን መንገድ አበጀች። የጠፋችውን በግ ታሪክ ለልጆቹ ስትነግራቸው መቶ በግ የሚለው ነገር ለአንዳቸውም እንዳልገባቸው አየች። መቶ ማለት ለስድስት ዓመት ልጅ “ብዙ” ማለት ነው። ቤቷ ሄዳ ባሏን አማከረች። ባሏ ቤት ቀቢ ነው፤ “በዚህ ቤት ቀለም የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም በጣሳ” እያለ የሚቀልድ ሰው ነው። መቶ ትልልቅ ቁልፎችን ነጭ ቀባላትና በቀጭን ብሩሽ ከአንድ እስከ መቶ ቁጥር ጻፈባቸው። ጠዋት ጠዋት አንድ ልጅ አንዷን በግ ይደብቃል፤ የቀሩት በጎቹን አሥር አሥር አድርገው ይደረድራሉ፤ የትኛዋ እንደጠፋች ባዶው ቦታ ይናገራል። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ መሄድ የቻለው መቁጠር ስለሚያውቅ ነው ትላቸዋለች፤ ባያውቅማ ኖሮ የአንዷን መጥፋት በምን ይደርስበት ነበር?

መደመር በአምስቱ እንጀራና በሁለቱ ዓሣ ተጀመረ። የሳምንቱ ቀናት ከፍጥረት ታሪክ ጋር ተያያዙ። አንዱ ተንኮለኛ ደግሞ ጓደኛውን ይቅር በል ሲባል ሰባ ጊዜ ሰባት ስንት እንደሆነ ካልተነገረኝ አልልም ብሎ ድርቅ አለ። እትዬ ቁልፍም ማባዛት ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ ትማራለህ፣ እስከዚያ ዝም ብለህ ይቅር በል አለችው። ነገሩ መምህራን ክፍል ደርሶ ለሳምንት ተሳቀበት።

ሥራው እንዲህ እያማረ ሳለ መመሪያ መጣ። ትምህርት ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት አቅቶት ነበር።

“እትዬ፣ ከእኔ የመጣ እንዳይመስልዎት። ዲፕሎማ የሌለው ሰው ክፍል አይገባም ተብሏል። ወደ ግምጃ ቤቱ ይመለሳሉ። ሥርዓተ ትምህርቱን ለአዲሷ መምህርት ያስረክቡልኝ።”

እትዬ ቁልፍ ሥርዓተ ትምህርት ሲባል የምታውቀው በቢሮው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ሰማያዊ ጥራዝ ነው፤ የንብረት ቁጥሩንም የለጠፈችበት ራሷ ናት። የእሱ ቦታ እዚያው ነው። እና ያስረከበችው የክፍሉን ቁም ሣጥን፣ የቁልፉን ጣሳና አንድ አሸዋ የተሞላ የእንጨት ገበታ ነበር። ቤት ገብታ ለባሏ ስትነግረው የወትሮ ቀልዱ ሸሸው። አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ።

ግምጃ ቤቱና አንደኛ ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ትምህርት እንደተጀመረ ከማዶ ጫጫታ ይሰማት ጀመር። ወንበር ይወድቃል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ የአዲሷ መምህርት ድምፅ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫጫታው ለእትዬ ቁልፍ ጆሮ ደስ ይል ነበር። ይበላቸው አለች በሆዷ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰማችው፤ ያ የሚያለቅስ ልጅ በየቀኑ ያው አንዱ ነው። ያን ጊዜ በራሷ አፈረች። ሆኖም ግድግዳውን አልፋ ለመሄድ እግሯ እምቢ አላት።

የመጣችው አዲሷ መምህርት ናት። ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከኮሌጅ በማዕረግ የተመረቀች ልጅ ናት። የአሸዋውን ገበታ በሁለት እጇ ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

“እትዬ፣ ይሄ ምን ያደርጋል? እኔ ለእሳት ማጥፊያ መስሎኝ ነበር።”

እትዬ ቁልፍ ሳቋ አመለጣት። ወንበር ሳበችላትና አስረዳቻት። ጌታም በጣቱ በምድር ላይ ጽፏል። የስድስት ዓመት ልጅ እርሳስ የሚፈራው ስህተቱ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሎ ስለሚያፈጥበት ነው። አሸዋ ግን ቂም አይዝም፤ ነቅነቅ ሲያደርጉት ሁሉን ይረሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ልጆቹ በጣታቸው አሸዋ ላይ ይጽፋሉ፤ እርሳስ የሚሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያለቅሰው ልጅ ደግሞ በሩ አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ እንዲህ ያለው ልጅ የሚፈራው ትምህርቱን ሳይሆን መውጫ ማጣቱን ነው።

መምህርቷ አፏን ከፍታ ሰማቻት። “ይሄ የትም አልተጻፈም?” አለች በመጨረሻ።

“የት ይጻፋል? ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያለው።”

“እንግዲያው እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ።”

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ሁለቱ ሴቶች በጠመኔ ካርቶኖች መካከል ይቀመጣሉ። አንዷ ትናገራለች፤ ሌላዋ “ከዚያስ?” እያለች ትጽፋለች። ልጅቱ ጸሐፊ ብቻ አልነበረችም። የፊደላትን ድምፅ በየትኛው ቅደም ተከተል ማስተማር እንደሚቀል ታውቃለች፤ እትዬ ቁልፍ በልማድ የምትሠራውን እሷ ምክንያት ታገኝለታለች። ተጣልተውም ያውቃሉ። ልጆች ጥቅስ በቃል ማጥናት ያለባቸው መቼ ነው በሚለው ለአራት ቀን ተኳርፈው በአምስተኛው ቀን የታረቁት ሁለቱም ሐሳባቸውን ቀይረው በመምጣታቸው ነው። በመንፈቁ ሦስት ደብተር ሞላ። ከግድግዳው ማዶ የሚሰማውም ጩኸት ቀርቶ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ የሚል የልጆች ዜማ ሆነ።

ዳይሬክተሩ ደብተሮቹን ሲያይ ተቀብሎ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይዟቸው ጠፋ። ሰኞ ጠዋት ማንንም ሳያማክር ለቤተ ክርስቲያኗ የትምህርት ኮሚቴ አቀረባቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ የእትዬን ዓይን ደፍሮ ማየት ጀመረ።

የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሰው “መርፌ” ይላታል፤ ሥራዋ ብቻ ሳይሆን አነጋገሯም ስለሚወጋ ነው። ሸሚዝ ቁልፍና አሸዋ ከመቼ ወዲህ ነው ሥርዓተ ትምህርት የሆነው ብላ ጠየቀች አሉ። መልስ ሳትጠብቅም በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ሳትናገር ክፍሉ ውስጥ ተከሰተች። ዳይሬክተሩ ሮጦ እትዬ ቁልፍን ከግምጃ ቤት ጠራት። እትዬ ቁልፍም ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ልጆቹ ከመጽሐፋቸው አነበቡ። ሰብሳቢዋ ፊቷ አልተፈታም። ይሄማ በቃል የተጠና ሊሆን ይችላል አለች። ከዚያ ዙሪያውን አየችና ከኋለኛው ረድፍ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ደቃቃ ልጅ አስነሳች። ከቦርሳዋ የራሷን የመድኃኒት ካርቶን አውጥታ ሰጠቻት።

“እስቲ ከጎኑ ያለውን አንብቢልኝ።”

ልጅቷ ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረገች። አዲሷ መምህርት ከንፈሯን ነከሰች። ልጅቷ አንድ በአንድ እየለቀመች፣ አንዴ ተሳስታ ራሷን አርማ፣ እስከ መጨረሻው ሄደች።

“ሕፃናት... ከማይደርሱበት... ቦታ... ያስቀምጡ።”

ቀና አለች። ያነበበችው ነገር ገና አሁን ገባት መሰለኝ ፊቷ ላይ ጭንቀት ታየባት። ካርቶኑን በፍጥነት ለሰብሳቢዋ መልሳ ዘረጋችላት።

“ታዲያ ለምን ሰጡኝ?”

መጀመሪያ የሳቀው ዳይሬክተሩ ነው። ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ ፈነዳ። መርፌ ልትኮሳተር ሞክራ አልሆነላትም፤ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ከልቧ ነው። በልጆቹ ራስ ላይ አሻግራ ደግሞ ግድግዳው ሥር የቆመችውን ሴት አየቻት።

“ማንበብ ብቻ አይደለም ያስተማራችኋት” አለች። “ያነበበችውን ትሠራበታለች።”

እትዬ ቁልፍ ከኋላ ባለችው በአንዷ ትንሽ ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብላ ቁጭ አለች። ከጎኗ ያለው ልጅ ቦታው የሱ መሆኑን አሳሰባት።

ኮሚቴው በዚያው ወር ወሰነ። ሦስቱ ደብተሮች ተተይበው፣ በሁለቱ ሴቶች ስም ታትመው፣ ቤተ ክርስቲያኗ ለምታስተዳድራቸው ዘጠኝ ሌሎች ትምህርት ቤቶች እንዲላኩ። እትዬ ቁልፍ ደግሞ በረዳትነት ወደ ክፍሏ እንድትመለስና ቅዳሜ ቅዳሜ መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ ዲፕሎማዋን እንድትይዝ። መመሪያው እንዳለ ነው፤ ግን ከእንግዲህ አጥር መሆኑ ቀርቶ ደረጃ ሆነላት። የግምጃ ቤቱን አሥራ ሰባት ቁልፎች ለሌላ ሰው ስታስረክብ ፈርማ ወጣች፤ ዞራም አላየችም።

በአርባ ሰባት ዓመቷ ተማሪ ሆነች። አብረዋት የሚማሩት በልጆቿ ዕድሜ ያሉ ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ከበዳት፤ የትምህርት ሥነ ልቡና የሚሉትን አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ታነባለች፣ ባሏ የቀለም ጣሳ ላይ ቁጭ ብሎ ጥያቄ ይጠይቃታል። በሁለተኛው ዓመት ክፍሉን ተላመደች። በሦስተኛው ዓመት የአንደኛ ክፍል ማስተማሪያ ዘዴ የሚባል ትምህርት ደረሰ። አስተማሪው ለወጣት ተማሪዎቹ ጥሩ ምሳሌ ነው ብሎ አንድ መጽሐፍ አደለ። እትዬ ቁልፍ የራሷን ስም ሽፋኑ ላይ አየች። ጎረቤቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ልጅቷ ምንም አላስተዋለችም። አስተማሪውም አላስተዋለም። ምላሷ ላይ የደረሰውን ዋጠችና ደብተሯን ገልጣ ማስታወሻ ያዘች።

የመጨረሻው ፈተና ከታረመ በኋላ አስተማሪው ቢሮው ጠራት። የፈተና ወረቀቷና መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

“አብዛኛውን አሳምረው ሠርተውታል” አላት። “እዚህ ግን በመጽሐፉ መሠረት መቀነስ በስንተኛው ሳምንት ይጀመራል ለሚለው አሥራ አንደኛው ብለዋል። መጽሐፉ አሥራ አራተኛው ነው የሚለው።”

“አውቃለሁ” አለች እትዬ ቁልፍ። “እኔ ነኝ ያልኩት።”

ሰውየው አልገባውም። እሷም በጣቷ ሽፋኑን ነካችለት። ስሙን አነበበ፤ ከዚያ የፈተና ወረቀቱን አነበበ፤ ከዚያ እንደገና ሽፋኑን። አንድ ዓመት ሙሉ ስሟን ሲጠራ ሳያስተውል ኖሯል፤ እጁን በአፉ ጫነ።

“አሥራ አራተኛው ስል ልጆቹን ንቄያቸው ነበር” አለችው። “ሦስት ዓመት አየሁት፤ በአሥራ አንደኛው ይችሉታል።”

አስተማሪው ከወንበሩ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለክፍሉ በሙሉ እንድትናገርም ለመናት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረች፣ አንድም ሰው ሰዓቱን አላየም። ውጤቱን ግን አልቀየረላትም፤ ጥያቄው በመጽሐፉ መሠረት ነው የሚለው። ሰማንያ ሰባት አገኘች።

ቤት ገብታ ለባሏ ስትነግረው የያዘውን ብሩሽ አስቀመጠ። “የገዛ መጽሐፍሽን ተፈትነሽ ሰማንያ ሰባት?” አላት። “እኔ እኮ እንዲህ ሰነፍ መሆንሽን አላውቅም ነበር።” ተያይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ። በምረቃው ቀን ሰብሳቢዋም፣ ዳይሬክተሩም፣ ያቺ ወጣት መምህርትም አንድ ረድፍ ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ስሟ ሲጠራ ባሏ ከሁሉ በፊት ተነሥቶ አጨበጨበ።

አሁን የአንደኛ ክፍል ዋና መምህርት ናት። መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ታትሟል። ገጽ አርባ ሦስት ላይ መቀነስ የሚጀመረው በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው።