ዘሩን ማን ይዝራ

አባቴ በሬዎቹን የሚያነጋግሩት በአባቶቻቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ነበር፤ እኛን ልጆቻቸውን በአማርኛ። እናቴ "የልቡን ለከብቶቹ ይነግራል፣ ለእኛ የተረፈውን" እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ፣ አባቴ በሬ ተከትለው ሲያርሱ ከእርከን ወደቁ የሚል ወሬ ደረሰኝ። ዐይናቸውን ሞራ ከለበሰው ቆይቷል፤ ሰቆጣ ያያቸው ሐኪምም ተስፋ አልሰጣቸውም። ጥላና ብርሃን ይለዩ እንደሆነ እንጂ በግና ድንጋይ አይለዩም። ያም ሆኖ እርፉን ለማንም አልለቅም ብለዋል። ወንድሞቼ እንደ እኔው ተበትነዋል። አሠሪዬን ፈቃድ ለምኜ በሁዳዴ አገሬ ደሃና ገባሁ። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ ተመልሼ ከመሄዴ በፊት ደህና እኩል አራሽ አግኝቼ፣ አባቴ በገዛ እጃቸው እርሻውን እንዲያስረክቡ። ያለዚያ ክረምቱን እንደገና በሬ ተከትለው ይወጣሉ፤ ሁለተኛ ከወደቁ ደግሞ መነሳታቸውን እንጃ።

እኩል አራሽ ሲመጣ መሬቱና በሬው የባለቤቱ ነው፣ ጉልበቱ የአራሹ። ምርቱ አውድማ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ሰፍሮ የሚያካፍለው አራሹ ነው፤ ፊቱ የሚቀመጠው ደግሞ የማያይ ሽማግሌ። ለዚህ ነው "እመቤቴ፣ ውሸት የማያውቅ ሰው ላኪልን" ብዬ የተሳልኩት።

የመጀመሪያውን የጠቆሙኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ደጃፋችን ላይ ቆሞ አማተበና ገባ። እኔ ገና ሳየው ስለቴ ደረሰ አልኩ።

"ልጄ፣ የማታርስበት ቀን የቱ ነው?" አሉት አባቴ።

"ቅዳሜና እሑድ አላርስም።"

"እሱንማ ማን ያርሳል።"

"አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን..."

"ተክለ ሃይማኖትንስ?"

"እሳቸውንማ!"

"መርቆሬዎስን እንኳ አትምረንም?"

"እንዴት አድርጌ፣ አባቴ!"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አራሽ አመጣለሁ ብለሽ ለቅዱሳኑ ዘበኛ አመጣሽልን?"

ሰውየው ራሱ ሳቀ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እነዚያን ቀናት ሁሉ የማከብር እኔ ነኝና፣ ሳቁ ለማን እንደ ደረሰ አልጠፋኝም።

ሁለተኛውን ከሰቆጣ ዙሪያ አመጣሁ። ክንዱ እንደ ሞፈር የጠና ሰው ነው። ለሙከራ በሬዎቹን ሲጠምድ አባቴ እርከኑ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ጣሉ። በሬዎቹ ገና ከመዞራቸው፣

"አቁም! በሬዬን መታኸው!"

"አልመታሁም፤ ጅራፉን ነው ያጮኽኩት።"

"ጅራፍ አየር ላይ ሲጮኽና ቆዳ ላይ ሲያርፍ አንድ ነው? እኔ የታወርኩት በዐይኔ ነው፣ በጆሮዬ አይደለም!"

ሰውየው ያቀረብንለትን ምሳ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። አባቴ አራሽ ሳይሆን እንከን እየፈለጉ መሆናቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ለማንም ቢሆን አይለቁም። ፋሲካ አለፈ፣ ሰማዩ መዳመን ጀመረ፣ የፈቃዴም ጊዜ ተሟጠጠ።

ሦስተኛውን ያመጣችው እናቴ ናት። ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ ጠባብ ማሳ ያለው፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ከአባቴ ፊት ለፊት መደቡ ላይ ተቀመጠ።

"አባቴ፣ አስቀድሜ ጉዴን ልንገርዎት፤ ኋላ ከሰው እንዳይሰሙት።"

"ሌባ ነህ?"

"ኧረ እግዜር ያውጣኝ!"

"ጠጪ?"

"ሲገኝ። ጉዴ ሌላ ነው። ማረሱን አርሳለሁ፤ ዘር መዝራት ግን እጄ እምቢ ብሎኛል። አንዱ ጋ ይከመርብኛል፣ አንዱ ጋ ይሳሳብኛል። ማሳዬ ሲበቅል ግማሹ ጺም፣ ግማሹ መላጣ ነው። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይስቅብኛል።"

"መዝራት ማን አስተማረህ?"

"አባቴ። እሱም መላጣ ነበር።"

አባቴ ሳቁ። ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር።

"እንግዲህ እኔ አርሳለሁ፣ ዘሩን እርስዎ ይዘሩልኛል" አለ ሰውየው። "ይህ ካልሆነ ሌላ ይፈልጉ። የሰው መሬት መላጣ አድርጌ አልረገምም።"

"እኔ አላይም እኮ" አሉ አባቴ። ይህን ቃል ያለ ቁጣ ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ዘር የሚዘራው በዐይን ነው እንዴ?"

አባቴ ግድግዳውን በእጃቸው ዳብሰው፣ የተሰቀለውን ጅራፍ አወረዱና ወደ ድምፁ ዘረጉለት።

"በሬዬን ግን እንዳትመታ።"

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ውኃ ስንቀዳ "ምስኪን፣ መዝራት አለመቻሉ ያሳዝናል" አልኳት። እንስራዋን አስቀምጣ ሳቀች።

"የእሱ ማሳ? ባጠገቡ ስንቴ አልፌያለሁ። ቡቃያው ሸማ የተዘረጋ ነው የሚመስለው።"

"ታዲያ ዋሸ!"

"ዋሸ።"

"እማዬ፣ ነገ ምርት ሲያካፍልስ?"

"ልጄ፣ ሽማግሌ ለማክበር ብሎ ራሱን መላጣ የሚያደርግ ሰው ቁና ያጎድላል?"

"አንቺ ነሽ እንዲህ በል ያልሽው?"

"እኔ የነገርኩት በሬዎቹን እንዳይመታ ብቻ ነው" ብላ እንስራዋን አዘለች።

ከመሄዴ በፊት ማሽላው ሲዘራ አየሁ። አባቴ ዘሩን በስልቻ አንግተው ማሳው ዳር ቆሙ። አራሹ ከወዲያኛው ጫፍ "ወደ ድምፄ ይምጡ!" እያለ ይጣራል።

"ዝም በል! ይህን መሬት አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ!"

ዝም ግን አላለም፤ አባቴም ድምፁን ተከትለው ቀጥ ብለው ይራመዱ ነበር። እጃቸው ስልቻው ውስጥ ይገባል፣ ይዘረጋል፣ ዘሩ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይበተናል። ኋላ አራሹ በሬዎቹን ነድቶ፣ የተዘራውን አፈር እያለበሰ በዚያው አለፈ።

ቤይሩት ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። ውሸት የማያውቅ ሰው ለምኜ የተሰጠኝ ይህ ነው። ለንስሐ ልናገረው አስቤም ኃጢአቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝና ተውኩት።

ማሽላው ሲያዘረዝር አባቴና እናቴ ሰቆጣ ስልክ ቤት ድረስ መጥተው አነጋገሩኝ።

"አባባ፣ ማሽላው እንዴት ነው?"

"መላጣ የለበትም" አሉ፤ ድምፃቸው የጎረምሳ ሆኖ ነበር። ቀጥለውም፣ "ውሸታሙ አራሽሽም ሰላም ብሎሻል" አሉኝ።