የካልሲው ሊቀመንበር

ቴሌቪዥኑን ያመጣው የእናቴ ወንድም ነው። በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ገባና ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። ጆንያው ሲፈታ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነው። አባዬ ደስታውን መደበቅ አቃተው። እማዬ ግን ዕቃውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመነችውም።

«ይሄ ነገር ዓይን ይስባል» አለች።

ዳንቴል አልብሳ ሸፈነችው። ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን አንቴና ግን በምን ትሸፍነው? ከጦሳ ተራራ ቁልቁል የሚመለከት ሰው እንኳ የእኛን ቆርቆሮ ከጎረቤቶቹ ለይቶ ያውቀው ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰፈራችን ተጠርተው ሄደው ያልተመለሱ ወጣቶች ነበሩ፤ ቤታችን ውስጥ ስማቸው አይነሳም። በር ሲንኳኳ እማዬ ቶሎ አትመልስም፤ ኮቴውን ለይታ እስክታውቅ ድረስ ዝም ብላ ታዳምጣለች።

እኔና ታላቅ እህቴ ግን የምንኖረው ለቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ የልጆች ፕሮግራም አለ። የባሕር ማዶ ካርቱን ይመጣል፤ እንስሳት ሱሪና ኮፍያ አድርገው ያወራሉ፣ ከገደል ይወድቃሉ፣ እንደ ቂጣ ተለጥጠው ተነስተው ይሮጣሉ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው በእጅ የሚንቀሳቀሱትን የጨርቅ አሻንጉሊቶች ነበር። አፋቸው እስከ ጆሯቸው ይከፈታል። ሲያዝኑ አንገታቸውን ብቻ ዘንበል ያደርጋሉ፣ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ።

ይህን ሁሉ የሚሠራው፣ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ግራ እጃችንን አንስተን የምናወግዘው አገር ነው። በሳምንቱ እናወግዛለን፣ ቅዳሜ እንስቃለን። እንዴት እንደተፈቀደ እማዬ ሊገባት አልቻለም።

«ማን እንደሚስቅ ለማየት ይሆናል» ትል ነበር።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ የምትተረጉምልን እህቴ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች፣ ትችላለች ብለን አመንናት። ኋላ ነው ግማሹን ከራሷ ትፈጥረው እንደነበር የነገረችኝ። አይጡ ድመቱን «የቤት ኪራይህን ሳትከፍል ስንት ወር ሆነህ?» ሲለው አባዬ በሳቅ ይንፈራፈራል።

ግቢያችንን የሚጋሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እኛ እስላሞች ነን፣ እሳቸው ክርስቲያን። እትዬ እንላቸዋለን። ቅዳሜ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቆሎ በኪሳቸው ይዘው ይመጡና ከእኔ አጠገብ ይቀመጣሉ። ልጅ የላቸውም። «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ እህቴን ዕረፍት ይነሷታል። የቀበሌ ስብሰባ ሲኖር ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው የሚጠሩትም እሳቸው ነበሩ። ያኔ ይህን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ሥራ ታዘዙ፣ ሠሩ።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ እህቴ የራሷን ትርኢት አዘጋጀች። ከአባዬ ካልሲ አሻንጉሊት ሠርታለች። ዓይኖቹ ቁልፍ ናቸው፣ ኮፍያው የካኪ ቁራጭ፣ ግራ እጁ በጥጥ የተሞላ ጨርቅ። ጋቢ ዘረጋንና ከኋላው ተደበቅን። ተመልካቾቻችን አባዬ፣ እማዬና እትዬ ነበሩ።

ካልሲው ብቅ አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዶች! ዛሬ የተሰበሰብነው የሚቀጥለውን ስብሰባ መቼ እንደምንሰበሰብ ለመወሰን ነው!»

ድምፁ ቁርጥ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። አባዬ ገና ከዚያ ጀምሮ ሳቀ። ካልሲው መፈክር ሊያሰማ ግራ እጁን ሽቅብ ሲወረውር ክሩ ተበጠሰና እጁ ዱብ አለ። ይህ ያልታሰበ ነበር። ከዚያ ካልሲው ቀስ ብሎ ወደ መሬት አጎነበሰ።

«ጓድ እጅ! በአስቸኳይ ወደ ሥራ ገበታህ ተመለስ!»

እትዬ ጭናቸውን እየመቱ «ኧረ በማርያም!» አሉ። አባዬ እንባውን ጠረገ። እማዬም ሳቀች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

በዚያው ሳምንት አባዬን ወሰዱት። አባዬ በየቀኑ በሰርቪስ አውቶቡስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ከሰርቪሱ ሲወርድ ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች ቆመው ጠበቁት። እማዬ ወሬውን እንደሰማች ካልሲውን ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ ቁልፎቹን ለብቻ ነቅላ ሽንት ቤት ጣለች።

በማግስቱ ከሰዓት ተመለሰ። አልመቱትም። ጠባቂዎቹ አብረውት ገቡና ቴሌቪዥኑን ከነዳንቴሉ አንስተው «ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት» ብለው ይዘውት ሄዱ። ከወጡ በኋላ አባዬ ጫማውን እያወለቀ ተናገረ።

«የካልሲው እጅ እንደወደቀ እንኳ ያውቃሉ» አለ። «ቃል በቃል ነው የነገሩኝ።»

እማዬ በመስኮቱ ወደ እትዬ በር አየች። «እዚህ ከነበርነው ውስጥ ባዕድ ማን ነው?»

«ተይ እንጂ፣ እሳቸው አያደርጉትም» አለ አባዬ። ግን አላጠነከረውም።

የእማዬ ጥርጣሬ እንዲህ ተጀመረና ሁላችንን ያዘን። ስብሰባ የሚጠሩ ሰው ለስብሰባው ሌላም ነገር ሳይወስዱ ይቀራሉ? ያ ሁሉ «ምን አለ? ምን አለ?» ለምን ነበር? እትዬ ልብስ ሲያሰጡ ፊታቸው ወደ እኛ መስኮት የዞረ ይመስለናል። ሲያስነጥሱ እንኳ ለሆነ ሰው ምልክት የሚሰጡ ይመስለን ነበር።

እትዬ በጾማቸው ምስር ወጥ ሲሠሩ በሳህን ይልኩልን ነበር። በዚያው ሰሞን ላኩ። እማዬ ወጡን ገልብጣ፣ ሳህኑን አጥባ ሰጠችኝ።

«ባዶውን?» አልኳት። በሰፈራችን የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ሌላ ቢጠፋ ጥቂት ሽሮ ይደረግበታል።

«ባዶውን» አለች።

እትዬ ተቀብለውኝ ሳህኑን አዩት። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ደረቅ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ በያት» አሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ በራችንን አንኳኩ። እማዬ በሩን በግማሽ ከፈተች።

«ቴሌቪዥኑ እንደሆነ ሄዷል። ምን ሊያዩ መጡ?»

«እናንተን ልይ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» አለችና በሩን መለሰችው። ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

ቴሌቪዥናችንን ከዚያ በኋላ የምናየው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ሊቀመንበሩ ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ልጆች መሬት ላይ። አይጡ ሲወድቅ ማንም ቶሎ አይስቅም፤ መጀመሪያ የሊቀመንበሩ ትከሻ ይታያል። ትከሻው ከተንቀጠቀጠ አዳራሹ ይፈነዳል። ለነገሩ ሰውየው ካርቱን ይወድ ነበር፤ እንደ እኛው እንደ ልጆች ይስቅ ነበር። አንድ ልጅ እህቴን «ምን አለ?» ሲላት «አላውቅም» አለችው። ከዚያ ወዲህ ተርጉማ አታውቅም።

ወራት አለፉ። ለኢድ አባዬ ከኮምቦልቻ አንድ የሥራ ባልደረባውን ጋበዘ። ደግ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። በልቶ እጁን ሲታጠብ እህቴን አያት።

«አርቲስቷ አንቺ ነሽ አይደል?» አለና ፎጣውን ቡጢው ላይ ጠቅልሎ አፍ እንዲመስል አደረገው። «ጓድ እጅ! በአስቸኳይ ወደ ሥራ ገበታህ ተመለስ! ወላሂ፣ አባትሽ ይህን ሲያወራልን ሰርቪሱ በሳቅ ሐረጎ ላይ ሊገለበጥ ነበር!»

ከእሱ በቀር ማንም አልሳቀም። እማዬ ወደ አባዬ ዞረች። አባዬ ፊቱ እንደ አመድ ነጥቷል።

እንግዳው ከሄደ በኋላ «መቼ ነው ያወራኸው?» አለችው።

«ሰኞ ጠዋት።» ፎጣውን አንስቶ አጣጠፈው። «ልጄ መሥራቷ ደስ ብሎኝ ነው። እትዬ ጭናቸውን እንደመቱ ሳይቀር ነገርኳቸው። ሁሉም ሳቁ። ሲስቁ… እኔ ምን አስቤ?»

«አውቶቡስ ሙሉ ሰው! ይህን ሁሉ ወር እኔ እትዬን ሳማ ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ። መጀመሪያ ረስቼው ነበር፣ ኋላ ደግሞ አፍሬ።»

እማዬ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ አስያዘችኝና እኔን አስከትላ ግቢውን ተሻገረች። እትዬ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እማዬ ከፊታቸው ቆመች።

«ተቀመጪ እንጂ» አሉ እትዬ። «ምን ያስቆምሻል?»

«በድዬዎታለሁ፣ እትዬ። ያወሩት እርስዎ መስለውኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።» ምስሩን መልቀማቸውን አላቆሙም። «እኔም እናንተን ጠርጥሬ ነበር።»

«እኛን? በምን?»

«ባልሽን በያዙት ማግስት እኔንም ጠሩኝ። ‹እዚያ ነበርሽ፣ ምን አየሽ?› አሉኝ። እዚያ መሆኔን ማን ነገራቸው? እናንተ ለራሳችሁ ስትሉ ሰጣችሁኝ ብዬ አለቀስኩ። ባዶ ሳህኑ ሲመጣ ደግሞ እርግጠኛ ሆንኩ።»

እማዬ ከደፉ ላይ ተቀመጠች። «እርስዎስ ምን ብለው መለሱላቸው?»

«ዓይኔ ደካማ ነው፣ ካልሲና ሰው አልለይም አልኳቸዋ። ‹ሲስቁስ አልሰማሽም?› አሉኝ። እነዚህ ሰዎች በባዶ ቤት ይስቃሉ፣ እንዲህ ናቸው አልኩ። አንድ ቀን ሙሉ አቁመውኝ ለቀቁኝ።»

እማዬ በእጇ አፏን ይዛ አለቀሰች። እትዬ ምስሩን አስቀምጠው ትከሻዋን ያዙ። እኔ ዳቦውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ሁለቱ ታረቁ፤ እትዬ እስከ ዕለተ ሞታቸው የቤታችን ሰው ሆኑ። ቴሌቪዥኑ ግን አልተመለሰም፤ ደርግ ሲወድቅ አዳራሹ ተዘርፎ እሱም አብሮ ጠፋ። አባዬ በሰርቪሱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተመላለሰ፤ መስኮት ጥግ ይቀመጥና ወሬ አያነሳም ነበር አሉ። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ያሳበቀበት ማን እንደነበር ደርሶበት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ከሳቁት አንዱ ነው» አለኝ። «እየሳቀ ሰማኝ፣ ሄዶ ነገራቸው። ሁሉንም በየተራ ጠርጥሬያቸዋለሁ፤ ያን ለኢድ የጋበዝኩትን እንግዳ ሳይቀር። በኋላ እትዬን አስብና እተወዋለሁ። ደግሞ እጠረጥራለሁ፣ ደግሞ እተወዋለሁ።»