ጠባቂ ያጣው ኮድ

መርማሪዋ በነፃ የሚሰራጩ የኮድ ጥቅሎችን መሥሪያ ቤቷ ከመጠቀሙ በፊት ትፈትሻለች። መጀመሪያ ጥቅሉን በተለየ ኮምፒውተር ላይ ታወርዳለች፤ ቀጥላ መስመር በመስመር እያንሸራተተች ታነባለች፤ በመጨረሻ ማን እንደሚጠብቀው፣ ማለትም ስህተት ሲገኝበት ማን እንደሚያርመው ታያለች።

ዛሬ እዚህ ላይ ጣቶቿ ቆሙ። ጥቅሉን ጽፎ ብቻውን ይጠብቀው የነበረው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ኮዱ እንከን አልወጣለትም። መሞቱን ያላወቁ ተጠቃሚዎቹ ግን ዛሬም በጥቅሉ ገጽ ላይ “አንተ ሰነፍ፣ ለምን አትመልስም?” እያሉ ይጽፉለታል።

“እትዬ፣ ይኼን ኮድ የጻፈው ሰውዬ እኮ የውሃ ሽታ ሆኗል። ምን ታፈጥጪበታለሽ?” አላት አጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ።

“ወንድሜ ነው።”

አንገቱን ደፋ። “ነፍስ ይማር። በቃ አሳልፊው፣ ኮዱ እንደሆነ ንጹሕ ነው።”

“ነገ ሰርጎ ገብ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝበት ማን ይደፍነዋል?”

ጠባቂ የሌለው ጥቅል አያልፍም የሚለውን ደንብ ያወጣችው እሷው ናት። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና “ውድቅ” የሚለውን ተጫነች። የወንድሟ ሥራ በእሷው እጅ ከመሥሪያ ቤቷ ቀረ።

እናንተንም አንድ ነገር ትለምናለች፤ በነፃ የምትጠቀሙበትን የሠራ ሰው ዝም ቢላችሁ፣ ከመውቀሳችሁ በፊት “ደህና ነህ ወይ?” በሉት።