ከእሷ ቀጥሎ የጠጣው ወንድሜ

እርጥብ ደንገል ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ አለ። የሣርም ነው፣ የዓሣም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ስሄድ፣ አንድ የደንገል ታንኳ እንዲደርቅ ተገትሮ አገኘሁና ያ ሽታ ባለሁበት አቆመኝ። አብሮኝ የነበረው ሰው «ምነው?» ቢለኝ «ምንም» ብዬ አለፍኩት። ላንተ ልሞክረው እንጂ፣ ነገሩ እስከ ዛሬ ለእኔም በቅጡ አልገባኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ይሠራ ነበር። ታላቅ ወንድሜና እኔ ታናሽ እህቱ አንድ ክፍል እንማር ነበር፤ እኔ ቀድሜ ገብቼ አይደለም፣ እሱ እየወደቀ ጠብቆኝ ነው። እኔ አንደኛ እወጣለሁ፣ እሱን ለማግኘት ከታች መቁጠር ይቀላል። እናታችን «ሆድ ዥንጉርጉር ነው» እያለች ትስቅብን ነበር።

ያን ዓመት የታንኳ ሠሪ ልጅ ክፍላችን ገባች። ታንኳ ሠሪዎቹ ሐይቁ ዳር ለብቻቸው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። አያቶቻቸው ጉማሬ ይበሉ ነበር እየተባለ፣ የከተማው ሰው ታንኳቸውንና ሰፌዳቸውን ይገዛል እንጂ አፋቸው በነካው ዕቃ አይጠጣም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ግን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ትምህርት ቤት የተማርነው እንዲያውም ተቃራኒውን ነው። የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብለው ሰሌዳው ላይ እየጻፉ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው ያስደግሙን ነበር። የእኩልነቱን ፈተና እኔ ሙሉ አገኘሁ። ወንድሜ ወረቀቱ ላይ ተኛበት።

ክፍሉ ጥግ ላይ የውሃ በርሜልና አንድ ጣሳ ነበረ። ልጅቷ በመጣች ሰሞን፣ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ እንደገባን፣ ሄዳ ጠጣችና ጣሳውን አንጠባጥባ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተነሳም። የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ይንጣጣል፣ የሐይቁ ንፋስ ቆሟል፣ የሁላችንም ምላስ ደርቋል፤ ያልጠማን መስለን ደብተር እናገላብጣለን። መምህሩም ወደ በርሜሉ ራመድ ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተመለሱ። ልጅቷ አቀርቅራለች። ሁሉም ገብቷታል። በነጋታው እንደማትመጣ ለእኔም ታወቀኝ።

ያኔ ወንድሜ ከኋላ ወንበር ተነሳ። ጣሳውን አጥልቆ ጠጣ፣ ደገመው፣ አፉን በእጅጌው ጠርጎ ተመልሶ ተቀመጠ። አንዱ «ኧረግ!» አለ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። በነጋታው መጣች።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ደረሰ። በፋብሪካው የውይይት ክበብ ስለ ጭቁኖች ሲናገር የሚጨበጨብለት አባቴ ቀበቶውን ፈታ። እናቴ ደግሞ እያለቀሰች ወደ ንስሐ አባታችን ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«ምን በላህ ልጄ?» አሉት አባ።

«ኧረ ምንም አልበላሁ፤ ውሃ ነው የጠጣሁ።»

«የማንን ውሃ?»

«የትምህርት ቤቱን።»

አባ ግራ ገብቷቸው እናቴን አዩ፣ እናቴ መሬት መሬቱን አየች። በመጨረሻ ጥቂት ስግደት አዘዙለት። ለኃጢአቱ ይሁን እናቴን ለማሳረፍ፣ እኔ እንጃ።

ስንመለስ «ለምን ጠጣህ?» አልኩት። «ጠምቶኝ ነዋ!» አለና አፈጠጠብኝ።

ይኸው ነው ግራ ሲያጋባኝ የኖረው። ደግ ስለሆነ ነው እንዳልል፣ ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ቁራሼን እየቀማ ያደገ ነው። ዛሬ ዱርቤቴ ከተማ እህል ይነግዳል፣ ሚዛን ላይ እጁ ይከብዳል ብለው ያሙታል፣ እኔም ማመን ይቀናኛል። ጥማት ነው እንዳልል ደግሞ፣ ያን ቀን ያልጠማው ማን ነበር?

ከዚያ በኋላ ክፍሉ አንድ ብልሃት አገኘ። እሷ ከጠጣች እሱ ቀጥሎ ይጠጣል፣ ከእሱ ቀጥሎ ሌላው ሁሉ ይጠጣል። የእሱ አፍ መሀል ከገባ ጣሳው የነጻ ይመስል፣ ሰዉ «ተነስ እንጂ፣ ጠማን!» እያለ ይጎተጉተው ጀመር። እሱም እየተነጫነጨ ይነሳል። ልጅቷ አንድ ሁለት ቀን ስትስቅ አይቻታለሁ።

መምህሩ ይህን አይተው ኖሮ፣ አንድ ሰኞ አበባ የተሳለበት አዲስ ኩባያ ይዘው መጡ። ስለ እኩልነት ተናገሩና ልጅቷን ወደ ፊት ጠሯት። «ይኸው፣ ከእንግዲህ በራስሽ ኩባያ ትጠጫለሽ። ማንም አያስቸግርሽም» አሏት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከልባቸው ነው። እኛም አጨበጨብን። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ እጅ ነስታ ተቀመጠች። ያን ቀን ውሃ አልጠጣችም። ስትወጣ ኩባያውን ወንበሯ ላይ ትታው ሄደች፤ በዚያው ቀረች።

ከሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወንድሜ ሲያብሰለስል ቆይቶ «አንቺ፣ ያቺ ልጅ ለምን ቀረች?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«የሰደባት አለ?»

«የለም።»

«የመታትስ?»

«ኧረ ማንም አልመታት። አጨበጨብንላት እንጂ።»

መንገዱ መሀል ቆመ። «ታዲያ ምን አርገናት ነው?»

አንደኛ የምወጣው እኔ ስለሆንኩ መልሱን ከእኔ ይጠብቅ ነበር። ዓይን ዓይኔን ያያል። እጁን ያዝኩት። እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄደን አናውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ቤት እስክንደርስ አልለቀቀኝም።