ሁለቴ የተጠራው ስልክ ጠጋኝ

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የኋላ አዳራሽ መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራለሁ። ያን ሰሞን የያዝኩት ርዕስ እግዚአብሔር ሰውን ሲጠራ ታሪኩ ምን ዓይነት ተራ እንደሚከተል የሚያሳይ ነበር። ሰሌዳው ላይ በተራ ጻፍኩላቸው፤ ሰውየው ሥራው ላይ ነው፣ በግ ይጠብቃል ወይም ስንዴ ይወቃል፤ ያልተለመደ ነገር ያያል፤ ስሙ ሁለቴ ይጠራል፤ ይፈራል፤ «አትፍራ» ይባላል፤ «እኔ የተገባሁ አይደለሁም» ይላል፤ በመጨረሻ ሳይወድ ይላካል። እንዴት ኮርቼ እንደነበር! ተማሪዎቼ አንድም ሳያስቀሩ ገለበጡ።

ወር ሳይሞላ ምስክርነቱ ጀመረ። እሑድ መድረክ ላይ የሚወጣው ሁሉ ሥራ ላይ ነበር፤ ሁሉም ሁለቴ ተጠርቷል። በቆሎ ስትፈለፍል የተጠራች አለች፤ ባጃጅ ሲያጥብ የተጠራ አለ። ድሮ አምላክ ለነቀምቴ ሰው እንደፈለገው ይናገር ነበር፤ ከእኔ ትምህርት ወዲህ ግን በሰሌዳዬ ተራ ካልሆነ አልናገርም ያለ ይመስል ነበር። ጉባኤው «አሜን» ሲል እኔ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እቆጥራለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ደረሰ፣ አራተኛውን ዘለለ። ናቅኋቸው። ደስም ይለኝ ነበር፤ ትምህርቴ ገብቷቸዋል ማለት ነዋ።

ከሁሉም የባሰው ግን ገበያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ነው። አርጆ የምታስተምረውን ታናሽ እህቴን አግቢኝ ብሏት ሁለት ጊዜ እምቢ ብላዋለች። ለሦስተኛው እግዚአብሔርን ራሱን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም «ሚስቱ እንደሆንሽ ጌታ ነግሮታል» ብለው ቅዳሜ አስጠሯት። እኛ ዘንድ «ጌታ ነገረኝ» የተባለበትን ጋብቻ እምቢ ያለች ሴት ያመፀችው በሰውየው ላይ አይደለም። መዘምራን መካከል አትቆምም፤ እናቷም አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። እህቴ ይህን ስለምታውቅ ከአርጆ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

እሷና እኔ ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጥን፤ ሰውየው ቆሞ ተረከ። የስልክ ስክሪን እየቀየረ ነበር። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ሳለ ስልኩ በራ። ስልክ ባትሪ እንዳለው ያስታወሰ የለም። ስሙ ሁለቴ ተጠራ። ወደቀ። «አትፍራ» ተባለ። ይህ ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ የሚጨቃጨቅ ሰውዬ፣ አምላክ ያናገረው በመጽሐፍ አማርኛ ነው፤ «ተነሥ፤ እርስዋ ለአንተ የተመረጠች ናትና» ብሎት። አንደኛው ሽማግሌ «ዋቃዮ!» ብለው አምላካቸውን እየጠሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር የእኔ ሰሌዳ ነው። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ይህ እኮ የረቡዕ ትምህርቴ ነው» ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ያን ካልኩ የእሑዱ ምስክርነት ሁሉ አብሮ ይፈርሳል፤ መሳቂያ እሆናለሁ፤ ከእንግዲህስ ማን ይሰማኛል? እንደገና አየችኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቀው?» አለች።

«ቶሌ፣ እሺ፣ ጠይቂው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ወንድሜ፣ ጌታ እንደዚያ ሲልህ አንተ ምን አልከው?»

ስድስተኛው ተራ ደረሰ። ሰውየው አንገቱን ሰበር፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ለእሷ የተገባሁ ሰው አይደለሁም አልኩት» አለ።

«እውነትህን ነው። እኔም የማስበው እንደዚያው ነው» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

«ዋቃዮ» ያሉት ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑት። ሰውየው በአምላክ ፊት የመሰከረውን ማን ያስተባብላል?

ተከትያት ወጣሁ። «ጎበዝ! ልክ አስገባሽው!» አልኳት።

እሷ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ የትምህርትህን ማስታወሻ በንጹህ የገለበጥኩልህ እኔ አይደለሁም እንዴ? ሲጀምር ነው ያወቅኩት። አንተ እስክትናገር ነበር የጠበቅኩት» አለችኝ።

ወደ መናኸሪያ የሚሄድ ባጃጅ አስቆመችና ቦርሳዋን አስገባች።

«ሁለቴ አየሁህ እኮ» አለችኝ።