ሽንት ነው አልኳቸው

ሆሳዕና ከተማ የአምቡላንስ ነርሶችን በእጅ በምትያዝ አልትራሳውንድ ሳሠለጥን አፌ አያርፍም ነበር። የሥልጠናው ቪዲዮ የሄሊኮፕተር አምቡላንስ ሠራተኞችን ያሳያል፤ የእኔዎቹ ደግሞ ከየወረዳው አቧራ ለብሰው የመጡ ናቸው። «የእናንተዋ ሄሊኮፕተር ስንት ጎማ አላት?» እያልኩ አሾፍ ነበር። ይስቁልኛል፤ ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ከቦኖሻ ጤና ጣቢያ የመጡት ነርስ ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የምንለማመደው እርስ በርስ ነው፤ አንዱ ይተኛል፣ ሌላው ጄል ቀብቶ ሆዱን ያያል። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሽንትም እንደዚያው። ጋሼ ባልደረባቸውን ሲያዩ ቆይተው «ዶክተር፣ ጥቁር ነገር አለ፤ ደም ነው መሰለኝ» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሽንት ነው! ጤነኛውን ሰው ኦፕራሲዮን ሊያስገቡብን ነው እንዴ?» አልኩ፣ የሀዲይኛ ቅላጼያቸውን አስመስዬ። ክፍሉ ሙሉ አውካካ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቁም።

ወር ሳይሞላ፣ ሆስፒታል ተረኛ ሆኜ ምሳ ላይ ሳለሁ ጋሼ ደወሉልኝ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሆዷን አሟት ከቦኖሻ እያመጧት ነው። «ዶክተር፣ ሆዷ ውስጥ ጥቁር አያለሁ። ኦፕራሲዮን ክፍሉን ያዘጋጁልን።»

«ጋሼ፣ ደግሞ ሽንት? መኪናውን ያስቁሙና ትሽና፤ ከዚያ እንደገና ይዩ።» ሌላ ነገር ሊሉ ሲጀምሩ ዘጋሁት። ኋላ እንደሰማሁት፣ ጉበቷ ሥርም ጥቁር አለ ሊሉኝ ነበር። ጉበት ሥር ሽንት እንደሌለ፣ እዚያ ጥቁር ከታየ ደም እንደሆነ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

አስቆሙ። ባሏ ደግፎ ሲያወርዳት መቆም አቅቷት መንገድ ዳር ተዘረረች። ሆስፒታል ሲደርሱ የተዘጋጀ ነገር የለም፤ እኔ ለማንም አልተናገርኩማ። ኦፕራሲዮን ክፍል ሳትገባ አረፈች።

ስለ ሞቷ በተጠራው የሆስፒታሉ ስብሰባ ላይ አምቡላንሱ ለምን መንገድ ላይ እንደቆመ ተጠየቀ። ጋሼ አጠገቤ ነበሩ፤ ተነሡ።

«እኔ ነኝ ያስቆምኩት» አሉና ተቀመጡ።

አስተማሪን ሰው ፊት ማሳጣት እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው ተወሰነ። «ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ለቀልድ የማያርፈው አፌ ግን ተለጎመ። አፈርኩ፤ ፈራሁም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ።

ስንወጣ ጋሼ በሩን ያዙልኝና «ይለፉ፣ መምህሬ» አሉኝ።

አለፍኩ።