የሂያልማር ደም

በደሴት ከተማችን በክላክስቪክ እንደ ሂያልማር ጤናው የሚወራለት ሰው አልነበረም። እኔ በዓሣ እርባታው አብሬው ሠርቻለሁ። በስልሳ ዓመቱ እኛ ለሁለት የምንጎትተውን መረብ ብቻውን ይጎትት ነበር። ልጁ ቱሪ ግን በአሥራ ሰባት ዓመቷ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያዛት። ሐኪሞቹ የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው፣ ሰውነቷ ራሱን እየወጋ ነው አሉ። በእኛ ደሴቶች ይህ በሽታ ያልገባበት ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ሂያልማር በሚስቱ በሶልቫ ወገን አሳበበ። አጎቷ በዚሁ በሽታ ነበር የሞተው። በተጣሉ ቁጥር፣ “ይሄ ከእናንተ ቤት የመጣ ነው፤ በእኛ በኩል አንጀቱን የታመመ የለም” ይላታል። ሶልቫ ልጅቷ እያቃሰተች ከመጸዳጃ ቤት ስትወጣ አንገቷን ትደፋለች። እንዲህ ስድስት ዓመት አለፈ።

ከዚያ አንዲት ነርስ ለጥናት የታማሚዎችን ጤነኛ ዘመዶች ደም ልትወስድ መጣች። በታማሚዎቹ ደም ውስጥ የራስን ሴል የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ይገኛል፤ ጥናቱ እሱ በዘር ይተላለፍ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሂያልማር ከእኔ ምንም አታገኙም እያለ ክንዱን ዘረጋ።

ውጤቱ ሲመጣ የሶልቫ ደም ንጹሕ ነበር። በሂያልማር ደም ውስጥ ግን ፀረ እንግዳ አካሉ ተገኘ። እንደገና ይቀዳልኝ አለ፤ ተቀዳለት፤ ያው ሆነ።

“ምልክት ነው እንጂ በሽታው አይደለም” አለችው ነርሷ። “እርስዎ ጨርሶ ላይታመሙ ይችላሉ። ልጅዎም ከማን እንደወረሰች ይሄ ብቻውን አይነግረንም። ከሁለታችሁም ሊሆን ይችላል።”

እሱ አልሰማትም። የእኔን አንጀት ቆርጣችሁ ለልጄ ስጧት ብሎ ለመናት። እንደማይሆን ነገረችው።

በዚያው ወር መድኃኒቱ ሁሉ እምቢ ብሎ ቱሪን ኮፐንሃገን ወሰዷት። ትልቁ አንጀቷ ሲወጣ ወላጆቿ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሂያልማር የራሱን ውጤት ለሚስቱ የነገራት ያኔ ነው።

ሶልቫ ቀና አላለችም። “ስድስት ዓመት ሙሉ ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ ነው ያደርኩት” አለችው። “አንተ ነህ እንዲህ ያስባልከኝ።”

ይቅርታ ጠየቃት።

ቱሪ ስትነቃ አባቷን በሩ ላይ አየችው። “አባዬ፣ ምነው እንደ ባዘነ በግ ተገተርክ? ግባ እንጂ” አለችው በደከመ ድምፅ። ገባ፤ እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ ይዞ አለቀሰ። ሶልቫ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቱሪ አሁን ሆዷ ላይ የሰገራ ከረጢት ይዛ ትሠራለች። ሂያልማር እስከ ዛሬ አልታመመም። ብታመም በተሻለኝ ነበር ብሎኛል። ሶልቫ ድንቹንና ዓሣውን ታቀርብለታለች፤ አብራው ግን ገበታ አትቀርብም።